በርስት በሚሊሰከንድ ይታሰባል፦ የሼፒንግና የፖሊሲንግ ዝርዝር መመሪያ

ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፏል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ መቆንጠጥ ጀምሯል። ጋቢ ደርቤ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ራውተር ፊት ተቀምጫለሁ። ኮሌጁ 40 ሜጋቢት መስመር አለው፤ 20ው ለተማሪዎች ላብራቶሪ (ላብ)፣ የቀረው ለሬጅስትራርና ለቢሮዎች ተብሎ ተመድቧል። ላቡ ግን ስንለካው ስንለካው ከ9 ሜጋቢት አልዘል አለን። የፋይናንስ ኃላፊዋ በሩን ደገፍ ብለው፣ «ልጄ፣ 20 ነው ብለህ አስፈርመኸኛል፤ ግማሹን ማን በላው?» አሉኝ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ጥፋቱን በመስመር አቅራቢው ማላከክ ነበር። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ከወራት በፊት የላቡን ፍጥነት በፖሊሲንግ፣ ማለትም ከገደቡ ያለፈውን በሚጥለው ዘዴ፣ ስገድብ በትዕዛዙ መጨረሻ ላይ 8000 የሚል ቁጥር አስገብቻለሁ። ከሌላ ራውተር ላይ የቀዳሁት በርስት ነው፤ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩም ነበር። ቁጥሩን ወደ 375000 ስቀይረው ላቡ በዚያው ደቂቃ 19 ሜጋቢት ደረሰ። የፍጥነቱን ገደብ አልነካሁትም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደኔ ቁጥር ቀድቶ ለሚያስገባ ባለሙያ ነው። ፍጥነት አማካይ ነው። በርስት ደግሞ ያ አማካይ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚታሰብ የሚወስነው ቁጥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሚሊሰከንዱ ይመረጣል፣ ከዚያ ወደ ባይት ይቀየራል። በባይት የሚጀምር ሰው በግምት ነው የሚሠራው።

ደረጃ 1፦ ፖርቱ ቀስ ብሎ መላክ እንደማይችል ተቀበሉ

20 ሜጋቢት ሲባል ብዙ ሰው ቀጭን ቧንቧ ይታየዋል። ፖርት፣ ማለትም የራውተሩ ገመድ መሰኪያ፣ ግን እንደዚያ አይሠራም። ጊጋቢት ፖርት የትኛውንም ፓኬት (ዳታ ተቆራርሶ የሚላክበትን ጥቅል) የሚልከው በጊጋቢት ፍጥነት ነው፤ 1500 ባይቱን ፓኬት በ12 ማይክሮሰከንድ ያስወጣዋል። 20 ሜጋቢት የሚገኘው ልኮ ዝም፣ ልኮ ዝም በማለት ነው። በአንድ ሰከንድ 20 ሚሊዮን ቢት ለማውጣት ጊጋቢት ፖርት የሚበቃው 20 ሚሊሰከንድ ነው፤ የቀረውን 980 ሚሊሰከንድ ዝም ማለት አለበት።

የመንዝ በግ ጠዋት ከጋጣ ሲወጣ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። በሩ ሲከፈት በጉ በየተራ አይወጣም፤ ተጋፍቶ ይፈስና ከዚያ በሩ ባዶ ይሆናል። ፓኬትም የሚመጣው ተጋፍቶ ነው።

ጥያቄው ያ ዝምታ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ነው። ሁሉንም 20 ሚሊዮን ቢት በአንድ ጊዜ አውጥቶ ቀሪውን ሰከንድ ሙሉ ዝም ማለትም አማካዩ 20 ሜጋቢት ነው። በየ10 ሚሊሰከንዱ 200 ሺህ ቢት ማውጣትም አማካዩ ያው 20 ነው። በስልክ ለሚነጋገር ሰው ግን የመጀመሪያው ንግግሩን ይቆራርጠዋል፣ ሁለተኛው ምንም አይለውም። ልዩነቱ በርስቱ ነው።

ደረጃ 2፦ ሮቶውን በዓይነ ኅሊናችሁ አስቀምጡ

ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ቤት ሁሉ ሮቶ ያውቃል። ከቧንቧው ቀስ እያለ ይሞላል፤ ስትፈልጉ ግን ጀሪካኑን በአንድ ትንፋሽ ትሞላላችሁ። ሮቶው ከሞላ በኋላ የሚመጣው ውሃ ይፈሳል እንጂ አይጠራቀምም።

ራውተሩ ውስጥም እንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ አለ። የሚጠራቀመው ግን ፓኬት ሳይሆን የማለፍ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ቶክን ይባላል። ቶክን የሚገባበት ፍጥነት ሲ.አይ.አር ነው፣ ማለትም የተፈቀደው አማካይ ፍጥነት። የሮቶው መጠን ደግሞ በርስት ነው፤ በራውተር ሠሪው ሲስኮ አጠራር ቢ.ሲ፣ በሌሎች ሲ.ቢ.ኤስ። ፓኬት ሲመጣ በመጠኑ ልክ ቶክን ካለ ይቀነስለትና ያልፋል። ቶክን ካነሰ እንደ ዓይነቱ ይጠብቃል ወይም ይጣላል።

20 ሜጋቢት በየሚሊሰከንዱ 2500 ባይት ቶክን ያስገባል። አንድ 1500 ባይት ፓኬት የሚያልፍበትን ፈቃድ ለማጠራቀም 0.6 ሚሊሰከንድ ይበቃል። ይህን ቁጥር በልባችሁ ያዙ፤ ወደ ኮሌጁ ስንመለስ ያስፈልገናል።

አንድ ስሌት ደግሞ ከዚህ ይወጣል። በማንኛውም የጊዜ ርዝመት ውስጥ ሊያልፍ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ፍጥነቱ በጊዜው ተባዝቶ፣ በርስቱ ሲደመርበት ነው። «በርስቱን ከፍ አድርግልኝ፣ ኢንተርኔቱ ይፍጠን» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መልሱ እዚህ አለ። በ20 ሜጋቢት በ10 ሰከንድ 25 ሚሊዮን ባይት ያልፋል። 375 ሺህ ባይት በርስት ሲጨመር ጭማሪው 1.5 በመቶ ነው። በርስት የወሩን ፍጆታ አያሳድግም፤ የሚወስነው የተመደበላችሁን ፍጥነት በእውነት ማግኘት አለማግኘታችሁን ነው።

ደረጃ 3፦ ወረፋ ነው ወይስ ኬላ?

ሼፒንግ ወረፋ ነው። ቶክን ያጣ ፓኬት ተሰልፎ ይቆያል፣ ተራው ሲደርስ ይወጣል። ዋጋው መዘግየት ነው። ፖሊሲንግ ኬላ ነው፤ ቶክን ያጣ ፓኬት እዚያው ይጣላል ወይም ምልክቱ ተቀይሮ በዝቅተኛ ደረጃ ይታለፋል። ማቆያ የለውም፤ ዋጋው የጠፋ ፓኬት ነው።

ሼፒንግ ከእናንተ በሚወጣው ትራፊክ ላይ ነው የሚሠራው፤ ፖሊሲንግ በሚገባውም በሚወጣውም ይሠራል። አቅራቢው በእናንተ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ኬላ ያቆማል። ስለዚህ በእናንተ በኩል ወረፋ አበጅታችሁ ኬላው ከሚፈቅደው በታች ብትልኩ፣ ምን ቀድሞ ይለፍ የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ትሆናላችሁ።

ለበርስት ያለው ትርጉም በሁለቱ ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ነው። ሼፐር ትንሽ በርስት ቢኖረው ፓኬቶቹ በጥሩ ሁኔታ ተራርቀው ይወጣሉ እንጂ አይጠፉም፤ ስለዚህ ትንሽ በርስት ለሼፐር መልካም ነው። ፖሊሰር ትንሽ በርስት ካለው ተከታትለው የመጡትን ይጥላል፤ ቲሲፒ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ዳታ መድረሱን እያረጋገጠ የሚልከው ደንብ፣ ደግሞ ፓኬት በጠፋ ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለፖሊሰር ትንሽ በርስት መርዝ ነው።

ደረጃ 4፦ የኮሌጁን ራውተር ከቅርብ እንየው

የ8000 ባይቱ በርስት ምን ይሠራ እንደነበር አንድ በአንድ ልቁጠር። ተማሪዋ ፋይል ማውረድ ስትጀምር፣ የዘመኑ ቲሲፒ መልስ ሳይጠብቅ 10 ሴግመንት (አንዱ በአንድ ፓኬት የሚሄድ ቁራጭ) በአንድ ጊዜ ይልካል። ይህ በ2013 በወጣው አር.ኤፍ.ሲ 6928 በሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ የተቀመጠ መነሻ ነው። 10 ፓኬት በ1500 ባይት 15 ሺህ ባይት ይሆናል። ፓኬቶቹ በጊጋቢት ፖርት ተከታትለው በ12 ማይክሮሰከንድ ልዩነት ይደርሳሉ እንበል።

ሮቶው ሙሉ ነው፤ 8000። የመጀመሪያዎቹ 5 ፓኬቶች 7500 ባይት ወስደው ያልፋሉ። 500 ይቀራል። ለአንድ ፓኬት 0.6 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል ብለን ነበር፤ በ12 ማይክሮሰከንድ የሚገባው አዲስ ቶክን ግን 30 ባይት ብቻ ነው። 6ኛው ሲደርስ 650 ባይት ቢገኝ ነው፤ የሚያስፈልገው 1500 ነው። ይጣላል። 7ኛው፣ 8ኛው፣ 9ኛው፣ 10ኛውም ይጣላሉ። ከመነሻው ግማሹ ሄደ።

ቲሲፒ ይህን ሲያይ መንገዱ የተጨናነቀ ይመስለዋልና ይቀንሳል። ቆይቶ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ እንደገና ተከታታይ ፓኬት ይልካል፣ እንደገና ይመታል። ሮቶው በመሀል ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ማለትም የተከፈለበት ፍጥነት እየባከነ፣ ተማሪዋ 9 ሜጋቢት ታገኛለች። አማካዩን 20 ብላችሁ ጻፋችሁ እንጂ እንዲደረስበት አልፈቀዳችሁም።

ከዚያ ምሽት ወዲህ የማንንም ራውተር ስከፍት መጀመሪያ የማየው ከፍጥነቱ አጠገብ ያለውን ቁጥር ነው።

ደረጃ 5፦ አራት ነገር ጻፉ

ወረቀት አውጡ። የውል ፍጥነታችሁን ጻፉ። ራውተሩ ከአቅራቢው ጋር የተገናኘበትን ፖርት ፍጥነት፣ 100 ወይም 1000 መሆኑን ጻፉ። መስመሩ ላይ የሚያልፈውን ጻፉ፤ ስልክ አለ ወይ፣ የቪዲዮ ስብሰባ አለ ወይ፣ ወይስ ማውረድ ብቻ ነው?

አራተኛው የምልልስ ጊዜው ነው፤ ፓኬት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ። ሰዎቹ አዘውትረው የሚጠቀሙባቸውን ሦስት አራት አገልጋዮች ፒንግ አድርጉ፤ መስመሩ ፀጥ ባለበት ሰዓት፣ በማለዳ ቢሆን ጥሩ ነው። ከተገኙት ቁጥሮች ትልቁን ሳይሆን ብዙው ትራፊክ የሚሄድበትን ውሰዱ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃችሁ ደብረ ብርሃን ብትሆኑም አገልጋዩ አውሮፓ ከሆነ የምልልሱ ጊዜ የአውሮፓው ነው። እኔ በምሳሌዬ 150 ሚሊሰከንድ እይዛለሁ፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ።

ደረጃ 6፦ ሚሊሰከንዱን ምረጡ

ለሼፐር፣ መስመሩ ላይ ድምፅ ወይም ቪዲዮ ካለ 10 ሚሊሰከንድ። የድምፅ ፓኬት በተለምዶ በየ20 ሚሊሰከንዱ ስለሚወጣ ዝምታው ከዚያ ማጠር አለበት። አንዳንድ የቆዩ ራውተሮች ላይ የምታገኙት 125 ሚሊሰከንድ ለድምፅ ፈጽሞ አይሆንም። በ100 ሜጋቢት ፖርት ላይ የ20 ሜጋቢት መስመር የ125 ሚሊሰከንድ ድርሻ በ25 ሚሊሰከንድ ይወጣና 100 ሚሊሰከንድ ያህል ዝምታ ይከተላል። የሰው ድምፅ በዚያ ዝምታ ውስጥ ይቆማል። ዳታ ብቻ ለሚያልፍበት መስመር 25 ሚሊሰከንድ ይበቃል።

ለፖሊሰር፣ ቢያንስ አንድ የምልልስ ጊዜ። ምክንያቱም ቲሲፒ አንድ መልስ እስኪመለስለት ድረስ ያንን ያህል ዳታ መንገድ ላይ ይኖረዋል፤ ተጠራቅሞ አንድ ላይ ቢደርስ ሮቶው ሊችለው ይገባል። ከዚያ በላይ እስከ 250 ሚሊሰከንድ መሄድ ይቻላል። ሲስኮ ራሱ በርስት ሳትጽፉ ስትቀሩ በዘመናዊው የፖሊሲ አሠራሩ ፍጥነቱን በ32 አካፍሎ በባይት ይይዛል፤ ይህ ሲሰላ 250 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ለ20 ሜጋቢት 625 ሺህ ባይት ይሆናል። እኔ 8000 ባልጽፍ ኖሮ ራውተሩ ከእኔ የተሻለ ይመርጥ ነበር።

ሌላው ራውተር ሠሪ ጁኒፐር ሌላ መንገድ ይጠቁማል፦ የፖርቱን ፍጥነት በ5 ሚሊሰከንድ ማባዛት። ለጊጋቢት ፖርት ይህም 625 ሺህ ባይት ነው። ሁለቱ እዚህ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ የሲስኮው የሚነሳው ከተፈቀደው ፍጥነት፣ የጁኒፐሩ ከፖርቱ ነው። ፍጥነቱን ወደ 5 ሜጋቢት ብታወርዱት የአንዱ ይወርዳል፣ የሌላው ባለበት ይቆያል።

ታችኛው ወሰን ግን አይረሳ። ከ10 ፓኬት፣ ማለትም ከ15 ሺህ ባይት በታች ፖሊሰር አታቁሙ። ለ1 ሜጋቢት 10 ሚሊሰከንድ ብታሰሉ 1250 ባይት ይወጣል፤ ከአንድ ሙሉ ፓኬት ያነሰ ሮቶ ነው። ጥብቅ ፖሊሰር ከሆነ ትልቁ ፓኬት መቼም አያልፍም። ፒንግ ይሠራል፣ ገጹ አይከፈትም፤ ሰውየው ግራ ይጋባል።

ደረጃ 7፦ አስሉ

ቀመሩ አጭር ነው። ሜጋቢቱን በሚሊሰከንዱ አባዙ፤ በ125 ካባዛችሁት ባይት፣ በ1000 ካባዛችሁት ቢት ይሰጣችኋል።

የኮሌጁ ላብ፦ 20 በ150 በ125፣ 375000 ባይት። ለ5 ሜጋቢት 93750 ይሆናል፤ ለ50 ሜጋቢት 937500።

አሁን ሸዋ ሮቢት እንውረድ። 20 ሜጋቢት መስመር ያለው አንድ ክሊኒክ በኢንተርኔት የሚሠሩ ስልኮች አሉት። እዚህ የምንፈልገው ወደ አቅራቢው በሚወጣው በኩል ሼፐር ነው። ፍጥነቱን 20 አናደርገውም፤ 95 በመቶውን፣ 19 ሜጋቢት እንይዛለን። ለምን ቢባል፣ የእናንተ ራውተር የሚቆጥረው የፓኬቱን አይፒ ክፍል ብቻ ሆኖ የአቅራቢው ኬላ የኢተርኔቱንም ሽፋን ሊቆጥር ስለሚችል ነው። ሽፋኑ 18 ባይት ነው። በ1500 ባይት ፓኬት ላይ 1.2 በመቶ ነው፣ አይታወቅም። በ200 ባይት የድምፅ ፓኬት ላይ ግን 9 በመቶ ነው። መስመሩ በድምፅ ብቻ የሚሞላ ከሆነ እንዲያውም ከ95 በታች ውረዱ። በርስቱ 19 በ10 በ1000፣ 190000 ቢት፤ በባይት 23750። ወደ 16 ሙሉ ፓኬት ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ መሣሪያው ላይ ማስገባት

በሲስኮ ላይ ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁለት መለኪያው ነው። ሼፒንግ በርስትን በቢት ይጠይቃል፤ ፖሊሲንግ በባይት። ሁለቱ ትዕዛዞች በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው ተጽፈው እንኳ መለኪያቸው የተለያየ ነው። ቁጥሩን ከአንዱ ወደ ሌላው የገለበጠ ሰው 8 እጥፍ ይስታል። ክሊኒኩ ላይ ሼፐሩ ውስጥ 190000 ትጽፋላችሁ፤ ኮሌጁ ላይ ፖሊሰሩ ውስጥ 375000። ሼፐሩ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ቢ.ኢ የሚባለው ትርፍ በርስት ነው፤ አቅራቢው ጥብቅ ኬላ ካለው ወይም ድምፅ ካለ 0 ብላችሁ ጻፉ። ባዶ ከተዋችሁት ራውተሩ የራሱን ትርፍ ሊጨምር ይችላል፤ ያ ትርፍ እናንተን አልፎ ኬላው ላይ ይመታል።

ፖሊሰሮች አንዳንዴ ሁለት ሮቶ አላቸው። በ1999 የወጡት አር.ኤፍ.ሲ 2697 እና 2698 ሁለት ዓይነት አሠራር ይደነግጋሉ፤ በሁለቱም ፓኬቱ አረንጓዴ (በገደቡ ውስጥ ያለ)፣ ቢጫ (ትርፍ) ወይም ቀይ (ከሁሉም ያለፈ) ይባላል። በመጀመሪያው አንድ ፍጥነት ብቻ አለ፣ ሁለተኛው ሮቶ የሚሞላው ከመጀመሪያው በሚተርፈው ነው። በሁለተኛው አሠራር ሁለተኛው ሮቶ የራሱ ከፍተኛ ፍጥነት አለው። ቢጫውን ከመጣል ይልቅ ምልክቱን ዝቅ አድርጎ ማሳለፍ ይቻላል። ለትንሽ መሥሪያ ቤት ግን አንድ ሮቶ በልኩ የተሠራ ይበቃል።

ሊኑክስ ላይ በቲ.ቢ.ኤፍ ወይም በኤች.ቲ.ቢ፣ ማለትም በሊኑክስ የሼፒንግ መሣሪያዎች፣ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ትዕዛዙ «ኤምቢት» ሲባል ሜጋቢት ይረዳል፤ «ኤምቢፒኤስ» ሲባል ግን ሜጋባይት በሰከንድ ነው የሚረዳው። ኤምቢፒኤስን እንደ ተለመደው ሜጋቢት ነው ብሎ የጻፈ ሰው 20 ሜጋቢት ያዘዘ እየመሰለው 160 ያዛል። የቲ.ቢ.ኤፍ መመሪያ ለ10 ሜጋቢት ቢያንስ 10 ኪሎባይት ያህል በርስት ይጠይቃል፤ ከዚያ ካነሰ በኮምፒውተሩ የሰዓት ምት ምክንያት ፍጥነቱ ላይ አይደረስም። የክሊኒኩ 23750 ለ19 ሜጋቢት ከወሰኑ በላይ ስለሆነ ይሠራል።

ማይክሮቲክ በሚባለው ራውተር ላይ ልቆይ፤ በየማረፊያ ቤቱና በየካፌው የምንተክለው እሱን ነው፣ «በርስት» የሚለው ቃልም እዚያ ሌላ ነገር ነው። የሮቶው መጠን እዚያ ባኬት ሳይዝ ይባላል፤ ካልቀየራችሁት 0.1 ነው፣ ማለትም የማክስ ሊሚቱ (የተፈቀደው ፍጥነት) የ100 ሚሊሰከንድ ድርሻ። በርስት የሚባሉት ሦስቱ ቦታዎች ግን ለአጭር ጊዜ ከገደብ በላይ መሄድን የሚፈቅዱ ናቸው።

ደብረ ሲና ላይ 18 ክፍል ያለው ማረፊያ ቤት ስሠራ ባለቤቷ፣ «አንተ ልጅ፣ እንግዳው ቁልፍ ተቀብሎ ሳይቀመጥ ነው የዋይፋዩን የሚጠይቀኝ፤ ሲከፍተው ቶሎ ይክፈትለት» አሉኝ። «እሺ እትዬ» ብዬ የጻፍኩላቸው ይህን ነው፦ ማክስ ሊሚት 2 ሜጋቢት፣ በርስት ሊሚት 6፣ በርስት ትሬሽሆልድ 1.5፣ በርስት ታይም 16 ሰከንድ።

ራውተሩ የበርስት ታይሙን 16 ቦታ ይከፍለዋል፤ እዚህ እያንዳንዱ 1 ሰከንድ ይሆናል። በየክፋዩ ያለፉትን 16 ሰከንዶች አማካይ ያሰላል። አማካዩ ከ1.5 በታች ከሆነ እንግዳው እስከ 6 ይሄዳል፤ ካለፈ ወደ 2 ይመለሳል። ፀጥ ብሎ ቆይቶ ለሚጀምር ሰው በ6 ሜጋቢት የሚቆየው ትሬሽሆልዱ በታይሙ ተባዝቶ ለበርስት ሊሚቱ ሲካፈል ነው፦ 1.5 በ16 ለ6፣ 4 ሰከንድ። በ4 ሰከንድ 24 ሜጋቢት፣ 3 ሜጋባይት ይወርዳል። ለአንድ ገጽ ከነምስሎቹ ይበቃል። 16 ሰከንድ የሚለውን ቁጥር አይቶ 16 ሰከንድ በ6 የሚሮጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

እንግዳው ፊልም ማውረድ ቢቀጥል አማካዩ 2 ላይ ይቆማል፣ ከ1.5 በላይ ስለሆነ ተጨማሪው ዳግም አይመጣም። ማውረዱን ሲያቆም አማካዩ እየወረደ ከ4 ሰከንድ በኋላ ከ1.5 በታች ይሆናል፤ ሙሉውን 4 ሰከንድ መልሶ ለማግኘት ግን 16 ሰከንድ ፀጥታ ያስፈልጋል። ትሬሽሆልዱን ከማክስ ሊሚቱ በላይ አታድርጉት፤ ካደረጋችሁት አውራጁ ራሱ ደጋግሞ 6 እየደረሰ ይመለሳል፣ ገደባችሁም በተግባር ትሬሽሆልዱ ይሆናል።

ቀጥሎ፣ 18 ክፍል በ6 ሜጋቢት 108 ነው፤ መስመሩ ግን 20። ስለዚህ ከክፍሎቹ ሁሉ በላይ 19 ሜጋቢት ማክስ ሊሚት ያለው አንድ ወላጅ ኪዩ (የሁሉንም ክፍሎች ገደብ የሚይዝ) አቁሙ። በየቦታው መጀመሪያ የሚጻፈው አፕሎድ፣ ቀጥሎ ዳውንሎድ መሆኑንም አትርሱ። ፋስትትራክ የሚባለው የአቋራጭ ማሳለፊያ ክፍት ከሆነ ደግሞ ትራፊኩ ሲምፕል ኪዩውን (እነዚህ ገደቦች የተጻፉበትን) ሳይነካ ስለሚያልፍ የጻፋችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ቆጣሪው 0 ላይ ቆሞ ካያችሁ መጀመሪያ እሱን መርምሩ።

ደረጃ 9፦ ለኩ

በተራ የፍጥነት መለኪያ ገጽ አትተማመኑ። ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ ስለሚከፍት የአንዱ ጉዳት በሌላው ይሸፈናል። በሁለት ጫፍ አይፐርፍ 3 የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ጫኑና በአንድ የቲሲፒ ግንኙነት ብቻ፣ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ለኩ። መለኪያው በጣም ካጠረ የደብረ ሲናው እንግዳ ክፍል 6 ሜጋቢት ያለው ይመስላል። አገልጋዩ እዚያው ግቢ ውስጥ ከሆነ የምልልስ ጊዜው ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ስለሚሆን የበርስቱን ጉድለት በልኩ አያሳያችሁም፤ ሩቅ ጫፍ ፈልጉ።

እየለካችሁ የራውተሩን ቆጣሪ ተመልከቱ። ሲስኮ ላይ በገደቡ ውስጥ ያለፉት፣ ከገደቡ በላይ የመጡትና የተጣሉት ለየብቻ ይታያሉ። አማካዩ ከገደቡ በታች ሆኖ ሳለ የተጣሉት ቁጥር የሚያድግ ከሆነ በርስቱ ትንሽ ነው፤ ኮሌጁ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነበር። አማካዩ ገደቡን ነክቶ የሚጣለው ትንሽ ከሆነ ፖሊሰሩ በትክክል እየሠራ ነው፤ ኬላ ትርፉን መጣሉ ሥራው ነው።

ሼፐሩን ስትፈትኑ መስመሩን ሞልታችሁ በዚያው ጊዜ ፒንግ አድርጉ። ፒንጉ ፀጥ ባለ ጊዜ ከነበረው በመቶዎች ሚሊሰከንድ ከዘለለ ችግሩ በርስቱ ሳይሆን የወረፋው ርዝመት ነው። በርስትና ወረፋ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ወረፋውንም በዚያው ቀመር አስሉት፦ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይጠብቅ ካላችሁ 19 በ100 በ125፣ 237500 ባይት፣ ወደ 158 ፓኬት። ድምፁ ደግሞ የራሱ ቅድሚያ ያለው ሰልፍ ይኑረው።

ሼፐሩ ምንም ሳይጥል ሩቅ ያለው ጫፍ ፓኬት ጠፋ ካለ፣ የአቅራቢው ኬላ ከእናንተ የጠበበ በርስት አለው ማለት ሊሆን ይችላል። በርስቱን ከ10 ወደ 5 ሚሊሰከንድ አውርዱ፤ ካልተስተካከለ ፍጥነቱን በ1 በመቶ በ1 በመቶ ቀንሱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትንኩ፤ የትኛው እንደፈታው አታውቁም። ለአቅራቢው ስትደውሉም «ኢንተርኔት ዘገየ» አትበሉ። ኬላው በየትኛው ፍጥነት፣ በስንት ባይት በርስት እንደተቀመጠና የኢተርኔቱን ሽፋን ይቆጥር እንደሆነ ጠይቁ። ሦስቱ ጥያቄዎች በቀጥታ ወደ ባለሙያው ያሻግሯችኋል።

ደረጃ 10፦ ሚሊሰከንዱን ጽፋችሁ ለጥፉ

ከእናንተ ቀጥሎ ያንን ራውተር የሚከፍተው ሰው የሚያገኘው 375000 የሚል ደረቅ ቁጥር ነው። ፍጥነቱ ነገ ወደ 50 ቢያድግ በርስቱን አብሮ ማሳደግ እንዳለበት ከቁጥሩ አያውቅም። ትዕዛዙ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ካለው እዚያ፣ ከሌለው በፕላስተር ራውተሩ ጀርባ ላይ ጻፉለት። የኮሌጁ ላይ የለጠፍኩት እንዲህ ይላል፦ «የላብ ፖሊሰር፣ 20 ሜጋቢት፣ 150 ሚሊሰከንድ፣ 375000 ባይት። ፍጥነቱ ከተቀየረ፦ ሜጋቢት በ150 በ125።»